አባቴ የገጠማቸው በሮች

አባቴ በር ገጣሚ ነው። አዲስ አበባ ሳለ አናጢ ነበር፤ ቁም ሣጥንም፣ አልጋም፣ መስኮትም ይሠራ ነበር። እዚህ አሜሪካ ሥራው ሁሉ ተቆራርሶ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው በር ነው። የምንኖርባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ያለ አንድ ትንሽ ኮንትራክተር ዘንድ ተቀጥሮ የሆቴል በር፣ የክሊኒክ በር፣ የትምህርት ቤት በር ይገጥማል። ሰው ቤት ስንጋበዝ ገና ሳንገባ በሩን ገፋ መለስ እያደረገ ያዳምጠዋል። እናቴ ታፍራለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰላም በል እንጂ! የመጣኸው ሰዎቹን ልትጠይቅ ነው በራቸውን?» ትለዋለች።

ሃይስኩል ልጨርስ አካባቢ ኮንትራክተሩ አባቴን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ላከው። ከተማዋ ከእኛ በስተምዕራብ ናት፤ ሀይዌይ ስልሳ ስድስትን ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል፣ ዙሪያዋን የፖም እርሻ ነው። እዚያ አዲስ የሞርሞን ቤተ መቅደስ እየተሠራ ነበር። እኛ ሞርሞኖችን የምናውቃቸው ነጭ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው አፓርታማችንን በሚያንኳኩት ወጣቶች ነበር። ደግሞም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንሄድ ከቤልትዌይ፣ ከቀለበት መንገዱ ላይ፣ ድንገት ብቅ በሚለው ጫፉ በወርቅ በተለበጠ ነጭ ሕንፃ። እህቴና እኔ ልጆች ሳለን የንጉሥ ቤት ነው እንል ነበር። አሁን የሚሠራው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው አለን አባቴ። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ሕንፃውም ትንሽ ነው፤ በሩ ግን ብዙ ነው።

እናቴ አልወደደችውም። «የሌላ ሃይማኖት መቅደስ? በገዛ እጅህ?»

«የባንክ በር ስገጥም ገንዘቡ የኔ ሆነ እንዴ? በር በር ነው።»

እሷ ግን አላስቻላትም፣ ለነፍስ አባቷ ደወለች። እሳቸውም «ሥራ ነው ልጄ፤ እጁን ያበድራቸው፣ ልቡን አይስጣቸው» አሏት። ተረጋጋች። የማን ልብ እንደሚሄድ ያኔ ማን አወቀ!

አባቴ ሰኞ ሄዶ ዓርብ ይመለስ ጀመር። ሲመለስ የሚያወራልን እንደ ተረት ነበር። ሳይቱ ላይ ሲጋራ የለ፣ ስድብ የለ፣ ሬዲዮ የለ። «በዕድሜዬ እንዲህ ጸጥ ያለ ሳይት አላየሁም» ይላል። «መዶሻ ሲወድቅብህ እንኳ ምን ብለህ እንደምትጮህ ግራ ይገባሃል።» ፎርማኑ በር ሲረከብ ጆሮውን አስጠግቶ ያስከፍተዋል፣ ያስዘጋዋል። ማጠፊያው ሲጥ ካለ ወይም መዝጊያው ቀጭ ካለ፣ አውልቆ እንደገና ነው። ከሁሉም ይልቅ ላይ ያሉት፣ ጋብቻ የሚፈጸምባቸው ክፍሎች በሮች ድምፅ አይፈቀድላቸውም። አባቴ እነሱን ገጥሞ ያስረከበ ዓርብ እራት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና «እንደዚህ ነው የሚዘጋው» አለን። «እንደ ዓይን ሽፋን።» በሥራው ሲኮራ ያየሁት ያን ቀን ነው። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ማለቴ ነው።

አብሮት የሚሠራ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን ነበር። የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፣ ከነቤተሰቡ ሞርሞን ነው። ምሳ ሰዓት አባቴ ዘንድ ይመጣል። እናቴ በጠርሙስ የምትልክለትን ሽሮ ቀምሶ ወደደው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የራሱን ማንኪያ ይዞ መምጣት ጀመረ። «ሽሮ በማንኪያ፣ እንደ ሾርባ!» እያለ አባቴ ይስቃል። «ግን ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ። አይሳደብ፣ አይጠጣ፣ ሽማግሌ ሲገባ ይነሳል። በር ሳነሳ ሳልጠራው ደርሶ ይይዝልኛል። የኛዎቹ ልጆች ስልካቸውን ያዩ ነበር።» እናቴ ራሷ ጠርሙሱን በትልቅ ቀየረችው።

ከዚያ የአባቴ ቫን ትራንስሚሽኑ ሄደ። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት፣ ዓርብ ዓርብ አትሠራም። «እኔ ፒክ አደርገዋለሁ» አለች። በየሳምንቱ ያን ያህል መንገድ ነድታ ስትሄድ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር፤ ልጄ ለአባቷ ብላ እንዲህ ትሆናለች እያለች። እህቴ ሳይቱ በር ላይ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። አባቴ መሣሪያውን እስኪሰበስብ ያ ልጅ ውሃ ያቀብላታል። አባቴ ነው ያስተዋወቃቸው። «ይቺ ልጄ ናት፣ ሽሮውን አብራ ትሠራለች» ብሎ። እህቴ ሽሮ ሠርታ አታውቅም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እናቴ ይህን ተረት አሁን በየቀኑ ትለዋለች፤ ያኔ ግን አብራ ነበር የምትስቀው።

እህቴ መጠመቋን የነገረችን በሁዳዴ ነው። የነሱን ጥምቀት ማለት ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ «ተጠምቀሻል እኮ!» አለች። «በሰማንያ ቀንሽ፣ እኔ ራሴ ታቅፌ! ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠመቀው?» እህቴ በእንግሊዝኛ መለሰች፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ሰላም አግኝቻለሁ ነው ያለችው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?» «ሰላም አገኘሁ ነው የምትለው።» «የማንን ሰላም ወስዳ?»

ከዚያ በኋላ እናቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ሹልክ ብላ መውጣት ጀመረች። ሴቶቹ «ልጅሽ የታለች? ጠፋች እኮ» እንዳይሏት ነው። አባቴንም አልማረችውም። «በር ልትገጥም ሄደህ ልጄን አስወጣህልኝ» ትለዋለች። እሱ አንዳንዴ ብቻ «ምን ጎደላቸው? የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው» ይላል። ያም ቢሆን ቀስ እያለ ነው፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ እያለ።

ሕንፃው ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት ለማንም ክፍት ሆነ። ከመባረኩ በፊት ሕዝብ ሁሉ ገብቶ ያየዋል፤ ልማዳቸው ነው። እናቴ አልሄድም ብላ ምላ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ለብሳ መኪና ውስጥ ቀድማን ተቀመጠች። «ልጄን የወሰዳትን ቤት መልኩን ልየው» አለች።

በር ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አላዘዛትም፤ መቅደስ ነው ተብላለች፣ እጇ ራሱ ሄደ። አባቴም ተከተላት፣ እኔም። ፈረንጆቹ ግን ጫማቸውን እንዳደረጉ ከላዩ ነጭ የጨርቅ ሽፋን እየተደረገላቸው ነበር የሚገቡት። አንድ ወጣት አስተናጋጅ በካልሲ ብቻ የቆመችውን እናቴን አይቶ ግራ ገባው። ከዚያ ተንበርክኮ ሽፋኑን በካልሲዋ ላይ አደረገላት። እናቴ ከላይ ሆና ጭንቅላቱን አየችው። «የእናት ልጅ» አለች በአማርኛ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ክፉ አልተናገረችም።

ውስጡ ያምራል። አያምርም ማለት አልችልም። አባቴ በእያንዳንዱ በር ላይ ቆም እያለ ነበር የሚሄደው፤ ሰልፉ ከኋላችን ይጠብቃል። ላይኛው ፎቅ ጋብቻ ወደሚፈጸምበት ክፍል ገባን። መሐል ላይ ሙሽሮቹ ግራና ቀኝ የሚንበረከኩበት በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ መሠዊያ አለ። ሁለት ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ትልልቅ መስታወቶች አሉ፤ በመካከላቸው የቆመ ሰው ራሱን ማለቂያ በሌለው ኮሪደር ውስጥ ያያል። ዳር ዳሩን ወንበሮች ተደርድረዋል። እህቴ ከልጁ ጋር ከኋላችን ነበረች።

አባቴ ወንበሮቹን አሳይቶ አስጎብኚዋን «እነዚህ የማን ናቸው?» አላቸው በዚያ በሥራ እንግሊዝኛው።

ደስ የሚል ፊት ያላቸው ሴትዮ ነበሩ። «የቤተሰብ ናቸው» አሉት። «ቤተሰብ እዚህ ተቀምጦ ያያል።»

አባቴ በሩን ዘጋው። ሁላችንም ሰማን፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መደገፊያ በእጁ ነካ አድርጎ «እኔ እዚህ ነኝ» አለኝ። «ከዚህ ሁሉም ይታያል፤ በሩም ቅርቤ ነው።»

እህቴ ሰምታዋለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩን ነው የተወችው።

ቤተ መቅደሱ ተባረከ፣ ወራት አለፉ፣ ልጁ ሽማግሌ ላከ። እህቴ ነግራው ነው። በልማዳችን እንጠይቃቸው፣ አባቴ ይህን ይፈልጋል ብላው። ለዚህስ አመሰግናታለሁ። አሌክሳንድሪያ ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ፈረንጅ ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። አንደኛው የልጁ አያት ናቸው፣ ከዘራ ይይዛሉ። ሁለተኛው አጎቱ። ሦስተኛውን ልጁ ጳጳሳችን ናቸው ሲል እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፣ መስቀል ልትሳለም። ቀጥሎ ሥራቸው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የመኪና ኢንሹራንስ እንደሚሸጡ ተናገሩ፤ ጳጳስነቱ እነሱ ዘንድ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓት ነው። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መስቀላቸውስ የታለ?» አለችኝ በጆሮዬ።

ከእኛ ወገን እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከበርክ ከተማ የመጡ የአባቴ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ሰርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይሆንም፤ ድምፃቸው ከሰው ሁሉ በላይ ነው። ፈረንጆቹ ገብተው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ጋሼ ጮኹ። «ኧረ ተዉ! ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው! ንገሪያቸው አንቺ።»

ነገርኳቸው። ሦስቱም ተነሱ፤ አያቱ በከዘራቸው ተደግፈው። አባቴ «ኧረ ይቀመጡ፣ ዳሌያቸውን ያማቸዋል» አለ። ጋሼ «ሥርዓት ነው፣ ትንሽ ይቁሙ» አሉ። ቆመው ለመኑ፣ ተፈቀደላቸው፣ ተቀመጡ። ቢራ ቀረበ፣ አንጠጣም አሉ። ቡና ይፈላ ሲባል አንጠጣም አሉ። ሻይም አንጠጣም አሉ። እናቴ «ታዲያ በምን ልቀበላቸው? በባዶ እጄ ልጄን ልስጥ?» አለች። በመጨረሻ ውሃ ሰጠቻቸው።

ከዚያ አያቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ፤ እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ሠርጉ በአዲሱ ቤተ መቅደስ እንዲሆን ልጆቹ ፈልገዋል። ነገር ግን የሙሽራዋ ቤተሰብ የእኛ እምነት ሰዎች ስላልሆኑ፣ ደስ የሚላችሁ ከሆነ፣ አስቀድሞ በፍርድ ቤት ወይም በአንድ አዳራሽ በዳኛ ፊት ትንሽ ሥነ ሥርዓት ማድረግ ይቻላል። ድሮ አይፈቀድም ነበር፣ አሁን ይፈቀዳል። እኛ በደስታ እናደርገዋለን።

ጋሼ ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሱኝም። «ኮርት? ልጃችንን በኮርት? ልጅቷ ፔፐር የላትም አሏቸው እንዴ? ሲትዝን ናት በሏቸው!»

እኛ ዘንድ ፍርድ ቤት ሄዶ መጋባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አሜሪካ ያለ አበሻ ያውቀዋል። የወረቀት ጋብቻ ማለት ነው። ሁለት ምስክር ይዞ ሄዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለኢሚግሬሽን ማስገባት ነው። ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ነገር ነው። እናቴ ጉንጯን ይዛ «ደግሞ በኮርት!» አለች።

አባቴ እጁን አንስቶ ሁሉንም ዝም አሰኘ። ብዙ የማይናገር ሰው ስለሆነ ሲናገር ይደመጣል። «ልጄ የምታገባው የእግዚአብሔር ስም በሚጠራበት ቤት ነው እንጂ በዳኛ ፊት አይደለም» አለ። «ሃይማኖቱ የኔ አይደለም። ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። እዚያው ይሁን።»

ተረጎምኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አያቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለረጅም ጊዜ አባቴን አዩት። «አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው» አሉኝ። «የሚከፍሉት ዋጋ ይገባናል በያቸው።» እሱንም ተረጎምኩ። አባቴ ልጅ መዳርን ማለታቸው መሰለው፤ ራሱን ነቀነቀ። እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ታይ ነበር። ሁለቱም ወገን በአተረጓጎሜ አመሰገነኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል።

እውነቱ የወጣው ሠርጉ ሲቃረብ ነው፣ ኩሽና ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። አባቴ አዲስ ሱፉን ለብሶ እናቴ እጅጌውን በስፒል እያስተካከለችለት ነበር። እህቴ የእናቴን ቀሚስ ልታይ መጥታለች። አባቴ ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ ጠየቃት። «ስንት ሰዓት ላይ ነው እኛ ወደ ላይ የምንወጣው? በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሰው ሳይቀድመኝ ልያዝ ብዬ ነው።»

እህቴ የእናቴን ቀሚስ ማጠፍ ጀመረች። አባቴ ጥያቄውን ደገመው። ያኔ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ አትገባም እኮ» አለችው።

ያን ቀን ማንም ተርጉሚ አላለኝም።

ቤቱ ከተባረከ በኋላ የእነሱ እምነት ሰው ካልሆነ አይገባም። የእነሱም ቢሆን መንፈሳዊ አለቆቹ መርምረው ይገባዋል የሚል ካርድ የሰጡት ብቻ ነው። ወላጅም ቢሆን፣ የሠራውም ቢሆን። አያቱ የፍርድ ቤቱን ነገር ያመጡት ለዚህ ነበር፤ አባቴና እናቴ የልጃቸውን ጋብቻ በዓይናቸው እንዲያዩ። አባቴ እንቢ ሲል ሁሉን አውቆ፣ ለልጁ ሲል ውጭ ለመቆም የቆረጠ መስሏቸው ነው ያለቀሱት።

«በሩን ገጥሜዋለሁ እኮ» አለ አባቴ። ሌላ ነገር የጠፋው ይመስል ነበር።

«የምታውቅ መስሎኝ» አለች እህቴ። «እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ እዚያ ስሠራ የሚወራው ስለ ማጠፊያ ነው።»

«ወንበሩን ሲመርጥ አልሰማሽም?» አልኳት እኔ። «ሽማግሌ ፊትስ? አንቺ ቆመሽ አልነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር» አለች። «ደስ ብሎት ሳየው ፈራሁ። እዚያ እንዲሆን የፈለግሁትም እኮ እሱ ስለሠራው ነው።» አለቀሰች። እናቴ በአፏ ስፒል ይዛ ስለነበር ወዲያው መናገር አልቻለችም። ስፒሉን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መቆም የማውቅ ሰው ነኝ» አለች። «ንጹሕ ካልሆንኩ ደጀ ሰላም ላይ እቆማለሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ። ግን ራሴን መርምሬ ራሴ ነኝ የምቆመው። ካርድሽን አሳዪኝ ብሎ ከልጄ ሠርግ የመለሰኝ የለም።»

«የኛም መቅደስ መጋረጃ አለው» አለ አባቴ።

«ከመጋረጃው ውስጥ ልጄን አልዳርኩም!»

መፍትሔው ለእኔ ቀላል ነበር። ገና ጊዜ አለ አልኳቸው፤ አያቱ ራሳቸው ይቻላል ብለዋል፣ አንድ ስልክ ነው። እናቴ «ደውይ! አሁኑኑ ኮል አድርጊላቸው! በዳኛም ይሁን፣ በፖሊስም ይሁን፣ ብቻ ልያት» አለች። ለጋሼም ደወለችላቸው። ስፒከር ላይ «እኔ ምን አውቄ? ኮርት ሲሉ ፔፐር መሰለኝ» አሉ። «ተርጓሚዋ ልጅሽ አይደለችም? በደንብ አታስረዳም ነበር?» ትርጉሙ ትክክል ነበር። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም። አንድ ሰው ብቻ ነበረች ሁለቱም ወገን የሚገባት፣ እሷ ደግሞ ጥፍሯን ታይ ነበር።

ሁላችንም እህቴን አየናት። «ከፈለጋችሁ እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

ከፈለጋችሁ። እኔ እፈልጋለሁ፣ አባቴ ሳያየኝ አላገባም አላለችም። ያቺን ቃል እስካሁን መዋጥ አቅቶኛል።

አባቴም ሰምቷታል። ሱፉን አወለቀ። «አትጠይቂ» አላት። «ሽማግሌ ፊት በዳኛ አይሆንም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ሰዎቹ ቆመው ለምነውኛል፣ አንዱ በከዘራ። ነገ ደግሞ ተሳስቻለሁ፣ በዳኛ ይሁን ልበላቸው? በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም።»

«ለማን ብለህ?» አለች እናቴ። «እነሱ ስለ ሽማግሌ ምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

እኔ በልቤ ለመንኩት፤ በአፌ ግን እሺ አባዬ አልኩ። እኛ ቤት ሁሉም ሰው ሌላውን ላለማሳፈር ሲል ነው ሁላችንም ውጭ የቀረነው።

የሠርጉ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሦስታችን በስልሳ ስድስት ወደ ምዕራብ ነዳን፤ ጋሼ ለምሳው ግብዣ እደርሳለሁ ብለው ቀሩ። ከዋናው መግቢያ ጎን የመጠበቂያ ክፍል አለ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም መግባት ይችላል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚወስደው በር አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ሱፍ የለበሱ ሰው ተቀምጠው ካርድ ያያሉ። የልጁ ዘመዶች ብዙ ነበሩ። ሰላም እያሉን፣ እናቴን እያቀፉ፣ ካርዳቸውን እያሳዩ ገቡ። አያቱ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አነሱልን። መጨረሻ ላይ ሦስታችንና የልብስ ሻንጣ የሚጠብቅ አንድ ሹፌር ቀረን።

ነጭ የለበሱ አሮጊት አስተናጋጅ መጥተው ውሃ አመጡልን። የእናቴን የሐበሻ ቀሚስ አደነቁ። «እንዴት ያምራል! ውስጥም እኮ ሁሉም ነጭ ነው የሚለብሰው» አሉ። ተረጎምኩላት።

«ንገሪያቸው» አለች እናቴ፣ «እኛ ለብሰንም አልገባንም።»

በጣም አመሰግናለሁ ብላለች አልኳቸው።

አባቴ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለውን በር ያይ ነበር። እሱንም የገጠመው እሱ ነው። እናቴ አየችው። «ሂድና አንኳኳ እንግዲህ» አለችው። «የገዛ በርህ አይደል?» እሷም ወዲያው ተጸጸተች፤ የሱፉን ትከሻ ምንም ሳይኖርበት አራገፈችለት።

ሰዓቱ ሲደርስ አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ክፍሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ «አሁን ዘጉት» አለ።

«ተሰማህ?» አልኩት።

«አይሰማም» አለ። «ከተሰማ አበላሽቼ ነው የገጠምኩት።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ የአባቴን እጅ ለመያዝ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ሁለቱንም ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፣ ልክ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። እስኪያልቅ እንደዚያ ሆኖ ቆየ።

ሙሽሮቹ በዋናው በር ሲወጡ የልጁ ዘመዶች አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። እልል የሚል አልነበረም። እህቴ እየሮጠች መጥታ አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አላት። ፎቶ አንሺው ሁላችንንም በሩ ፊት አሰለፈን፤ አባቴን ከሁሉ መሐል። ጥሩ ፎቶ ነው። ያየ ሰው ሁሉ አሁን ከውስጥ የወጣን ይመስለዋል።

ፎቶው ሲያልቅ አያቱ በከዘራቸው ቀስ እያሉ ወደ እኛ መጡ። እንዴት እንደነበረ ለአባቴ ሊነግሩት ፈልገው ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ይህን ልክድ አልችልም። አባቴ ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ይገባዋል፤ ያን ቀን ግን ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። እኔም ያላየሁትን የእህቴን ጋብቻ ላላየው ለአባቴ ተረጎምኩለት። እንዴት እንደገባች። ፊት ለፊት እንዴት እንደተንበረከኩ። መስታወቱ ውስጥ ራሷን ስታይ እንዳለቀሰች። አባቴ አፌን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

አያቱ ሲጨርሱ «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለኝ። «በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ማን ነበር የተቀመጠው?»

ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከዩታ የመጣች የልጁ አክስት ነበረች አሉ። ደስ የምትል ሴት ናት፤ ከእህትሽ ጋር የተዋወቁት ገና ዛሬ ጠዋት ነው፣ በጣም ተዋደዱ አሉ። ለአባቴ ነገርኩት።

«ከዚያ ሆና ሁሉንም አይታለች» አለ። «ለእናትሽ የሚገባ ቦታ ነበር።»

አያቱ ፈገግ እንዳሉ እኔን ይጠብቁ ነበር። «ምን አሉ አባትሽ?» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ ይላል» አልኳቸው።

የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አባቴ ያልኩትን ሰምቷል። ዞሮ አየኝ፤ አላረመኝም።